ማኅተም ያለው ያልፋል

የልጅ ልጄ ሐያት ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ይዛ መጣች። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። "አባባ፣ ይሄ ተሸላሚ መጽሐፍ ነው፤ ለልጆች ከተጻፉት ሁሉ አንደኛ የወጣ!" ብላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ሽፋኑ ላይ ክብ የወርቅ ምልክት አለ። ሳልገልጠው ሽታው መጣ፤ የሙጫና የአዲስ ወረቀት ሽታ። እጄን አነሳሁ።

"ውኃ አምጪልኝ፣ እጄን ልታጠብ።"

"ንጹሕ ነው እኮ አባባ።"

"አምጪ ብዬሻለሁ።"

ታጠብኩ። ከታጠብኩም በኋላ ግን አልነካሁትም። ልጅቷ ተቀየመችኝ፤ ትቀየም።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም አልጨረስኩትም። ይሄን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። የተጣመመውን ፊደል ሐያት ታቃናው፤ ነገሩን ግን እንዳትነካው ብያታለሁ። ትምህርት ለምን ተውክ ሲሉኝ "ድህነት ነው" ስል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ድሆችስ ነበርን፤ ግን እሱ አይደለም።

ያደግኩት ከአጋሮ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ ጎዳና ብቻ ባላት የቡና ከተማ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴን ሰው አባ መጫ ይለዋል፤ ሥራው ጆንያ መስፋት ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ቡና የሞላ ጆንያ ያቆሙለታል፤ በረጅሙ የጆንያ መርፌ በሲባጎ አፉን ይዘጋዋል። በሁለቱ ጫፍ ተሸካሚ የሚጨብጠው ጆሮ ያወጣለታል። አባቴ የሰፋው ጆንያ ከኤንትሬ መኪና ላይ ቢወድቅ አይፈነዳም። አባቴ ስለሆነ አይደለም የምለው፤ እውነት ስለሆነ ነው። ሥራ ሲያበቃ መርፌውን ኮቱ ክሳድ ላይ ይሰካዋል፤ እዚያው ይውላል፣ እዚያው ያድራል።

እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ቀለም እመታለሁ። ፊደል የተበሳበት ቆርቆሮ ጆንያው ላይ አደርግና ጥቁር ቀለም በጨርቅ እጠቀጥቅበታለሁ፤ ቆርቆሮው ሲነሳ "ጅማ" የሚል ይቀራል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሳልገባ "ጅ"ንና "ማ"ን አውቅ ነበር። ፊደል የሚጀምረው ከ"ሀ" ነው ሲሉኝ አስተማሪው የተሳሳተ ነበር የመሰለኝ።

ቀለሙ ሲደርቅ ተቆጣጣሪ መጥቶ ለመኪናው የይለፍ ወረቀት ይጽፋል፤ ክብ ማኅተም ይመታበታል። ከከተማው ወጣ ሲባል ኬላ አለ፤ መንገዱን ዘግቶ ገመድ ተወጥሯል። ያንን ክብ ነገር ካዩ ገመዱን ይለቁታል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ለልጇ አራስ ቤት ሁለት ጣሳ ቡና በነጠላዋ ቋጥራ ስትሄድ አስፈትተው መሬት ላይ አፈሰሱባት። እዚያው እሷ እያለቀሰች፣ እስከ አፉ ጆንያ የጫነ መኪና አለፈ።

"አባ፣ ያ ሁሉ አልፎ የሷ ለምን ተያዘ?" አልኩት።

መርፌውን በጥርሱ ይዞ ነበር። አወጣውና "ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ማኅተም ያለው ያልፋል፤ ማኅተም የሌለው ይወረሳል። ሌላ ሕግ የለም" አለኝ።

ያንን ያዝኩት። ልጅ አንዴ የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ከልጅም እብሳለሁ።

በዚያ ዓመት ቡና መለቀም ሲጀምር አዲስ አስተማሪ መጣ። ሉቃስ ይባላል፤ የከምባታ ሰው ነው። እኛ ጋሼ ሉቃስ እንለዋለን። አባቴ "ባርሲሳው" ይለዋል፤ በኦሮምኛ አስተማሪው ማለቱ ነው። ሌላው ሰው እሱ በሌለበት "ጴንጤው" ይለዋል። የጴንጤዎች ጸሎት ቤት የተዘጋበት ጊዜ ነውና ያ ስም ብቻውን ክስ ነበር። ቀጭን ሰው ነው፤ ሲሄድ ያንጎራጉራል፤ ሰው ሲያይ ያቆማል። የመጣው በአንድ ፍራሽና በአንድ የሳሙና ካርቶን ነው። ካርቶኑን ስናይ ሳሙና ሊያድለን መስሎን ተሰለፍን። ውስጡ መጽሐፍ ነበር።

ሁሉም የልጅና የጎረምሳ መጽሐፍ ነው፤ ሥዕል አለው። የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ እሱ እያየ በአማርኛ ይነግረናል፤ አማርኛው ያመለጠውን ልጅ አጠገቡ ያለው በኦሮምኛ በጆሮው ይነግረዋል። ክፍላችን እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ነበር። ከመጽሐፎቹ አንዱ፣ በጀልባ ላይ ስለምትኖር አንዲት ልጅ የሚናገረው፣ ሽፋኑ ላይ ክብ የወርቅ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ዙሪያውን ፊደል አለው።

"ጋሼ፣ ይሄ የምን ማኅተም ነው?" አልኩ።

"ሽልማት ነው፣ ከማል። ይሄ መጽሐፍ ተሸልሟል።"

ከኋላ አንዱ "ስንት ሰው ገድሎ?" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በዚያን ጊዜ ተሸለመ ሲባል የምንሰማው ከጦር ሜዳ ነዋ።

ጋሼ ሉቃስ አልሳቀም። በመስኮት ወደ ውጭ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መጽሐፍ የሚሸለመው እንዲህ ነው" አለ። "አንድ ልጅ እራቱን ትቶ ካነበበው፣ ያ መጽሐፍ ይሸለማል።"

መጽሐፍ ከመንካታችን በፊት ሰልፍ አለ። የለቀማ ወር ስለሆነ የሁላችንም እጅ ይጣበቃል። ቀዩን የቡና ፍሬ ስትጨምቀው የሚወጣው ማር ጣት ላይ ይደርቅና አቧራ ይዞ ይጠቁራል። ጋሼ ሉቃስ በጣሳ ውኃ ይዞ በር ላይ ይቆማል። "እጅህን ታጠብ። እጅሽን ታጠቢ።" ጥፍር ሳይቀር ያያል። እኔን ከቀለሙ የተነሣ ሁልጊዜ ይመልሰኛል። ልጆቹ ሜዳ ላይ ሳይቀር "እጅህን ታጠብ ከማል!" እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ስሜ ሆኖ ቀረ።

ያ ዓመት ሰው ወረቀት የሚያቃጥልበት ዓመት ነበር። በቀን ከየጓሮው ጭስ ይወጣል። የቡና ገለባ የሚያነዱ ነበር የሚመስለኝ። የመጋዘኑ ጸሐፊ ሰርጉ ላይ የተነሣውን ፎቶ ሳይቀር አቃጠለ፤ ከሚዜዎቹ አንዱ ተይዞ ነበርና። ሰው ሁሉ ሲያቃጥል ጋሼ ሉቃስ ግን ይጽፍ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የልጆች መጽሐፍ ውድድር አለ ሲባል በሬዲዮ ሰምቷል። በደብተር ላይ ተረት ጻፈ፤ ገጽ በጨረሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚያነበው ለእኛ ነው።

ተረቱ የጉሬዛ ነው። ቡናችን መሀል ካሉት ትልልቅ ዛፎች ባንዱ ላይ ጉሬዛዎች ይኖራሉ። አንድ ቀን ሰዎች መጥረቢያ ይዘው ይመጣሉ። ጉሬዛዎቹ ይሰበሰባሉ፤ አንዲት ትንሽ ጉሬዛ ወርዳ ሰዎቹን ልታናግር ትነሣለች። ስትወርድ ምን እንደሚሆን ጋሼ ሉቃስ ሳይነግረን ደወል ተደወለ። እኛ "ምን አለቻቸው? ምን አለቻቸው?" እያልን ተከተልነው። "ነገ" አለን።

በዚያ ምሽት እናቴ እራት ስታቀርብ አልበላም አልኩ። ወባ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች፤ አልሞቀም። አባቴ "ጅብ ይብላው፣ ተዪው" አለ። ሆዴ እየጮኸ ተኛሁ። አንድ ልጅ እራቱን ከተወለት ይሸለማል አላለም? እኔ ተውኩለት። የጋሼ ሉቃስ ደብተር በእኔ እራት የተሸለመ መሰለኝ።

ደብተሩ ሲያልቅ መላኪያው ቸገረው። ፖስታ ቤት ያለው ጅማ ነው፤ ጋሼ ሉቃስ ደግሞ ከከተማ መውጫ ይለፍ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስት ጊዜ ተከልክሏል። ስለዚህ ወደ ቤታችን መጣ።

"አባ መጫ፣ ነገ ከቡናው ጋር ጅማ ይወርዳሉ አሉ። ይቺን ፖስታ ቤት ቢያደርሱልኝ?"

አባቴ ደብተሩን ገለጠው፤ ገልብጦ ነው የያዘው። "ምንድነው?"

"የልጆች ተረት ነው። ሌላ ምንም የለውም።"

"ኤዬ፣ እሺ። ተረት ማንን ይገድላል" አለ አባቴ። "ከማልም ጅማን ልይ ብሎ ያለቅሳል፤ እሱ ይይዘዋል።"

ጠዋት አባቴ መኪና ሲያስጭን እኔ ደብተሩን ይዤ ጓሮ ነበርኩ። ደብተሩ ማኅተም የለውም። ሁለት ጣሳ ቡና የፈሰሰባት አሮጊት ዓይኔ ላይ ናት። የጀልባዋ ልጅ መጽሐፍ በዚያ ሳምንት ቤት የመውሰድ ተራው የእኔ ስለነበረ እኛ ጋ አለ። አመጣሁት። የወርቁን ክብ በጥፍሬ ቀስ ብዬ ላጥኩት፤ ሙጫው አርጅቶ ስለነበር ጠርዙ ብቻ ተፍረፍሮ ጥፍሬ ሥር ገባ እንጂ ሙሉውን ተነሣልኝ። ከዛፉ ሁለት ቀይ ፍሬ ቀጥፌ ማሩን ደብተሩ ላይ ቀባሁ። ለጠፍኩት። አየሁት። አማረ። የመንግሥት ወረቀት መሰለ።

አባቴ ጋቢናው ውስጥ "ከሸሚዝህ ሥር አድርገው፤ አታሳይ" አለኝ። አደረግኩት።

ኬላው ላይ በዚያ ቀን የወትሮው ዘበኞች ብቻ አልነበሩም። ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃ ወጣቶች ቆመዋል፤ አንድ ካድሬም ወንበር ላይ ተቀምጧል። አወረዱን። የይለፉን ወረቀት አዩ፤ ማኅተሙን አዩ። አንዱ ገመዱን ሊለቅ እጁን ዘረጋ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ። አላልኩም። የተደበቀ ነገር ነው የሚያዘው ብዬ፣ ደብተሩን ከሸሚዜ ሥር መዝዤ ከፍ አደረግኩት። "ጓድ፣ ይሄም ማኅተም አለው!" አልኩ። ኮርቼ ነበር።

"አምጣው እስቲ፣ ጎበዝ" አለ ካድሬው።

ሲቀበለኝ አውራ ጣቱ ማኅተሙ ላይ ተጣበቀ። ጣቱን አየ፤ አሸተተው። "እርጥብ ነው። ዛሬ የተለጠፈ ነው" አለ። ወደ ወጣቶቹ ዞረ፤ "ምን ይላል ይሄ?"

"እንግሊዝኛ ነው፣ ጓድ።"

"እሱንማ አየሁ! የማን ድርጅት ነው ነው የምልህ!"

አባቴ "ልጅ ነው ጌታዬ፣ የትምህርት ቤት ደብተር ነው" አለ።

"ጌታ የለም። ጓድ በል።"

"እሺ፣ ጓድ ጌታዬ።"

አንዱ ሳቀ፤ ካድሬው ሲያየው ሳቁን ዋጠው። ደብተሩን ገለጠና ጮክ ብሎ አነበበ፤ "ጉሬዛዎቹም ተሰብስበው፣ እኛን ሳይጠይቅ ይሄን ዛፍ የሚቆርጠው ማን ነው ተባባሉ።" አንዴ ደገመው። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

"የማን ጽሑፍ ነው?"

አባቴ እግሩን አየ። መርፌውን ከክሳዱ ነቀለ፤ መልሶ ሰካው። "የባርሲሳው ነው" አለ በመጨረሻ።

አስጠሩት። እጁ ላይ ጠመኔ እንዳለ መጣ፤ ሁለት ወጣቶች ከኋላው። ማኅተሙን ያየው ያን ጊዜ ነው። አየው፣ አየው፤ ፊቱ ላይ ያለውን ዛሬም ስሙን አላውቀውም።

"ያንተ ነው?"

"የእኔ ነው። የልጆች ተረት ነው።"

"ጉሬዛው ማን ነው?"

"ጉሬዛ ነው።"

"ጉሬዛማ አውቃለሁ! ማንን ነው የምትለው?"

"ጓድ፣ ጉሬዛ ነው። ጥቁርና ነጭ፤ ጭራው ረጅም የሆነ። እዚያ ዛፍ ላይ ያለው።"

ሁሉም ዞረው ዛፉን አዩ። ወላሂ፣ አንድ ጉሬዛ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያየን ነበር። የሳቀ የለም።

"ተረት ማኅተም አለው? ማን ነው የለጠፈው?"

አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ልል ነበር፤ በአላህ ስም እምላለሁ ልል ነበር። አባቴ ከኋላዬ መርፌውን ጭኔ ላይ ተከለው። "ጨሊሲ" አለኝ በጥርሱ መሀል፤ ዝም በል ማለቱ ነው። ዝም አልኩ። ደሜ ወደ ጉልበቴ ሲወርድ ይሰማኛል። ጋሼ ሉቃስ ያን ጊዜ እጄን አየ፤ የወርቁ ፍርፋሪ ጥፍሬ ሥር ያበራል።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ለምን?"

"እንዲያምር።"

ጋሼ ሉቃስን አባቴ የሰፋቸው ጆንያዎች ላይ አወጡት፤ ሁለቱ ወጣቶችም አብረውት ወጡ። እኔንና አባቴን መንገድ ላይ ተዉን። ከዚያ በፊት ግን፣ ወደ መኪናው ሲወስዱት፣ አጠገቤ ሲደርስ ቆም አለና እንደ ትምህርት ቤቱ በር፣ በዚያው ድምፅ "እጅህን ታጠብ፣ ከማል" አለኝ። ገመዱ ተለቀቀ። መኪናው አለፈ።

አለቀስኩ። ግን ለምን እንዳለቀስኩ ልንገራችሁ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ የእጄን ቆሻሻ አይቶ ተቆጣኝ ብዬ ነው። ምን ማለቱ እንደነበር የገባኝ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው።

ወደ ቤት በእግር ስንመለስ አባቴ ጠየቀኝ። "ማነው ማኅተም ለጥፍ ያለህ?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባ። ማኅተም ያለው ያልፋል ብለውኝ የለ?"

ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልመታኝም። ወንዙ ጋ ስንደርስ እጄን ይዞ ውኃ ውስጥ ከተተው፤ በአሸዋ ፈተገው፤ ወርቁ ከጥፍሬ እስኪለቅ፣ ከዚያም በኋላ ፈተገው።

የጀልባዋ ልጅ መጽሐፍ ቤት ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ባዶ ክብ ቀርቶበታል። ሲነጋ አባቴ መጋዘን ወሰደው። አንድ ጆንያ ቡና ሲጋመስ ከተተው፤ እላዩ ላይ ቡና አስሞላ፤ አፉን ሰፋ፤ ጆሮውን አወጣ። "ቀለም ምታበት" አለኝ። "ጅማ" ብዬ መታሁበት። ማኅተም ያለው መኪና ነው፤ አለፈ። ከባሕር ማዶ ማን ጆንያውን ፈትቶ እንዳገኘው አላውቅም። የቀሩትን መጽሐፎች የቀበሌው ሱቅ ጨው ጠቀለለባቸው። ጨዉን በላን፤ ወረቀቱን አላነበብኩትም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጋሼ ሉቃስ እህት ከከምባታ መጣች። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ እናቴ አሳደረቻት። ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ ጅማ እስር ቤት ትወስዳለች፤ ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ እናቴም "ተቀበሉሽ? አልሐምዱሊላህ" ትላታለች። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቆጮውን እንደያዘች ተመለሰች። ሳይፈታ፣ በቅጠሉ እንደተጠቀለለ።

"አያስፈልገውም አሉኝ" አለች።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። ሁለቱም ድምፅ አላወጡም፤ እንዲህ ላለው ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ምግብ አያስፈልገውም ማለት እራቱን ትቶ የሚያነበው መጽሐፍ አገኘ ማለት መሰለኝ። ሮጬ ሜዳ ላይ ላገኘኋቸው ልጆች ነገርኳቸው። "ጋሼ ሉቃስ እራቱን ትቶ እያነበበ ነው!" አልኳቸው። ከመሀላቸው አባቱ የታሰረበት ልጅ ነበር። አየኝና ምን ማለት እንደሆነ ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ አዲሱ አስተማሪ "አንብብ" ሲለኝ አላነበብኩም። ገረፈኝ፤ አላነበብኩም። አባቴ ሂድም አላለኝም፤ ቅርም አላለኝም። ከአጠገቡ ድንጋይ አስቀመጠልኝና መርፌ ሰጠኝ። አባቴን አላህ ይርሐመው። ጋሼ ሉቃስንም አላህ ይርሐመው። ለክርስቲያን እንዲህ አይባልም የሚለኝ ካለ ይምጣና እኔ ፊት ይበል።

የሐያት መጽሐፍ ሦስት ቀን ጠረጴዛው ላይ ቆየ። በአራተኛው ቀን እሷ ትምህርት ቤት ሳለች ታጠብኩና ብርሃን ወዳለበት ወሰድኩት። የወርቁን ክብ ጠርዝ በአውራ ጣቴ ጥፍር ፈለግኩ። ጠርዝ የለውም። ፋቅኩት፤ አልተነሣም። የተለጠፈ አይደለም ለካ፤ ከሽፋኑ ጋር አንድ ላይ የታተመ ነው።

ማታ ሐያት ጭረቱን አየች። "አባባ! ምን አደረግከው?"

"ይላጥ እንደሆነ አየሁት።"

"አይላጥም።"

"አዎ" አልኳት። "ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት።"